የጋራ ግድግዳ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጸሐፊያችን «ስለ ቤትና ስለ ኑሮ ጥቂት ተናገሩ፤ ለመጽሔታችንም ይሆናል» ብሎ ስላዘዘን ነው እዚህ የቆምነው። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜያችንንም የፈጀነው መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት በማሰር ነው። ንግግራችን የቢሮ ደብዳቤ ደብዳቤ ቢሸት ይቅርታ ይደረግልን። የምንናገረው ስለ አንድ ግድግዳ ነው። ከሰዓት በኋላ ድምፅ ለምንሰጥበት ጉዳይ፣ ይኸውም ከሠፈር ለተነሡት አባሎቻችን ጉዳይ፣ ሳይጠቅም አይቀርም ብለን ነው።

አባታችን ቤቱን የሠሩት በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ጉርድ ሾላን ከተማ የሚለው አልነበረም፤ ከመገናኛ ወዲያ እርሻና ግጦሽ ነበር። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም አዲስ ነው። ከዚያ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር፤ ጄት ሲመጣ ሜዳው ጠበበና ወደ ቦሌ ተዛወረ። አባታችን በዚያው በቦሌ በቀን ሠራተኛነት ድንጋይ ተሸክመው ያጠራቀሙትን ገንዘብ ይዘው ከባለ ርስቱ ቁራሽ መሬት ገዙ።

ለዛሬ ልጆች የጭቃ ቤት አሠራር እንንገራቸው እንጂ፣ ብሎኬት ብቻ ነው የሚያውቁት። መጀመሪያ የባሕር ዛፉ ልጡ ይላጣል። ቋሚው ወደ መሬት የሚገባበት በኩል ምስጥ እንዳይበላው በተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ማገሩ በምስማር ይመታል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ይለብሳል። ጣሪያ ሳይለብስ ግድግዳ አይመረግም፤ ዝናብ ቢመጣ ልፋቱ ሁሉ ውኃ ይሆናላ! ጭቃው ደግሞ ዋናው ነገር ነው። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር ተለውሶ፣ ውኃ እየጠጣ፣ በእግር እየተረገጠ፣ እስኪሸት ድረስ ይቦካል። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በችኮላ የተመረገ ቤት ከሩቅ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ለምርጊት የሚጠራው ጎረቤት ነው፤ ምሳና ጠላ ይቀርባል፣ በቃ። ቤታችን ስድሳ ክረምት የቆመው በዚያ ጭቃ ነው።

ትልቁ ቤት ካለቀ በኋላ አባታችን ከጎኑ ሁለት ክፍል ቀጠሉበት። አንዱን ለአንዲት ልብስ አጣቢ ከነልጆቻቸው፣ ሌላውን ለአንድ ዘበኛ አከራዩት። በወር 12 ብር ነበር። እንጨት ለመቆጠብ ሲባል በእኛ መኝታ ቤትና በአጣቢዋ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ብቻ ሆነ። እነሱ ሲያስነጥሱ እኛ «ይማርሽ» እንላለን።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተባለ። ትልቁ ቤት የእኛ ሆኖ ቀረ፤ ሁለቱ ክፍሎች ወደ ቀበሌ ሄዱ። የሄዱትም በወረቀት ነው እንጂ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ናቸው። አባታችን ተቆጡ? ተቆጡ እንጂ! ከድንጋይ ሸክም የተገኘ ቤት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ያቺ ልጆቿን በልብስ አጠባ የምታሳድግ ሴት ኪራይዋ ሲቀነስላትና «ውጪ» የሚላት ሲጠፋ ማየታችንን አንክድም። አዋጁ ለአንዱ ወገን ሲያጎድል ለሌላው ሞልቷል፤ ሁለቱም ወገን ደግሞ የሚጠቀመው በአንድ ሽንት ቤት ነው። እኛ ፖለቲካን የምናውቀው በዚህ መንገድ ነው። ትልልቁን ነገር ለተማሩት ትተናል።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እናታችንና አጣቢዋ በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል አንዷ «ሀ ሁ» ስትል ሌላዋ ከዚህ ትመልስላታለች። እትዬ የምንላቸው እኚያ ሴት አሁን የሉም፤ ይኸው ዕድር ነው የቀበራቸው። እናታችንንም እንዲሁ። ልጃቸው ግን ዛሬም ከግድግዳው ማዶ ነው፤ ግንበኛ ሆኗል።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል የጥይት መጋዘኑ የፈነዳ ዕለት፣ ያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሲንቀጠቀጥ በዓይናችን አይተናል። ኢሕአዴግ ከተማ ከገባ አንድ ሳምንቱ ነበር። «ጦርነቱ እንደገና መጣ» ብለን ልጆቹን አልጋ ሥር አስገባን። ልስኑ ረገፈ፤ ማገሩ ግን አልተላቀቀም። በማግሥቱ ሁለቱ ቤተ ሰብ ከየበኩሉ ጭቃ አቡክቶ ለጠፈበት። ማን ይጠግነው የሚል ክርክር ያን ጊዜ አልተነሣም፤ ግድግዳው የቀበሌ ይሁን የእኛ ማንም አልጠየቀም።

ጥያቄው የመጣው አሁን በቅርቡ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቆርቆሮው አፍስሶ ግድግዳው ውኃ ጠጣና እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፋ። ለማደስ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባልን። የእኛ ወገን ለብቻው፣ የመንግሥቱ ቤት ወገን ለብቻው ነው የሚጠየቀው። አንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሰናል። አንዱ ቀን «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»፣ ሌላው ቀን «ሲስተም የለም»፣ አንድ ቀንም «ፋይላችሁ ጠፍቷል»። እዚህ ላይ የሙያ ነገር ስለሆነ ዝም አንልም። ሠላሳ አምስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተናል፤ ፋይል አይጠፋም። ወይ ያለ ቦታው ተቀምጧል፣ ወይ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። «እስቲ ባለፈው ዓመት በተዘጉት ውስጥ ፈልጊልን፣ የኔ ልጅ» አልናት ለልጅቱ። እዚያው ተገኘ።

በዚያው ዓመት የጣሪያና ግድግዳ ግብር ተሻሽሎ ከፍ ሲል ተሰልፈን ከፈልን። «ግድግዳው እኮ ግማሹ የመንግሥት ነው፤ ይቀነስልን» ብለን ቀልደን ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ አልሳቀችም።

ፈቃዱ ሲገኝ ደግሞ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ተነሣ። ቤይሩት ያለችው ልጃችን ገንዘብ ልካለች። ትንሹ ልጃችን ግን «አባዬ፣ ዛሬ ነገ የኮሪደር ልማት ይወስደዋል በሚባል ቤት ላይ እንዴት የእኅቴ ላብ ይፈሳል? ባንክ ይቀመጥ» አለ። ክርክሩ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ልጁ የሚለው ሞኝነት አይደለም። እኛም በበኩላችን የገንዘብ ነገር አሳስቦናል። አባታችን ከሣጥን ያወጡትን የጃንሆይ ምስል ያለበትን ብር በ1969 ዓ.ም. ለመለወጥ ሲሰለፉ አብረናቸው ቆመናል። በ2013 ዓ.ም. መስከረም ብሩ እንደገና ሲለወጥ፣ 200 ብሩም ሲመጣ፣ እኛ ራሳችን ተሰልፈናል። ሥራ ስንይዝ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ሲሚንቶ በኩንታል ከሺህ ብር በላይ በሚሸጥበት ጊዜ የጡረታችንን ነገር አናነሣውም። ባንክ ያለ ብር ቁጥሩ እንዳለ ነው፤ የሚገዛው ነገር ግን በየዓመቱ ይቀንሳል።

ክርክሩን የዘጉት ባለቤታችን ናቸው። «እስኪፈርስ ድረስ የሚኖርበት ማን ነው? እኔ ነኝ አይደል? ዝናቡም የሚመታኝ እኔን ነው» አሉ። ልጁም ዝም አለ። የእትዬ ልጅ ጉልበቱንና ሙያውን፣ እኛ ሲሚንቶና ብሎኬቱን አዋጥተን ግድግዳው በአሥራ አንድ ቀን ቆመ። በእሱ በኩል ነጭ፣ በእኛ በኩል አረንጓዴ ተቀብቷል።

ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣልያን የመጣ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው የጣልያን ድርጅት ስም ነው። ሲኤምሲ የምንለውም እንዲሁ ነው። ሠፈሩን የሠራው ድርጅት ስም ሲሆን፣ ትርጉሙ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች የኅብረት ሥራ ማኅበር ማለት ነው። ራቬና በምትባል የጣልያን ከተማ በ1901 በፈረንጅ አቆጣጠር ግንበኞች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነው። የድሆች ማኅበር ተነሥቶ እስከ እኛ ሠፈር ድረስ መጥቶ ቤት ሠራ ማለት ነው። ይህንን የምናነሣው ያለ ነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ወደ ገላን ጉራም ወደ ሌላም ተበተኑ፤ ቤት ተሰጥቷቸዋል፣ ምትክ ተሰጥቷቸዋል፣ ይህ አይካድም። አዲሱ ቤት ውኃ መስመሩ ከውስጥ ነው፤ መንገዱም ሰፊ ነው። ዕድራቸው ግን ለሦስት ተከፈለ። አንደኛው ወገን ድንኳኑን፣ ሌላው ድስቱን ይዞ ቀረ። አክስታችን ሲሞቱ ድንኳን ያለው ወገን ድስት፣ ድስት ያለው ወገን ድንኳን ሲፈልግ አየን።

ከእኛም ዕድር በመንገዱ ዳር የነበሩ 23 አባወራዎች ተነሥተዋል። መተዳደሪያ ደንባችን «አባል በሠፈሩ ነዋሪ መሆን አለበት» ይላል። ኮሚቴው ዛሬ የሚያቀርበው ይህ ቃል ይሻሻል ወይስ አባላቱ ድርሻቸውን ወስደው ይሰናበቱ የሚል ነው። የሚቃወሙት ወንድሞች የሚሉት ተራ ነገር አይደለም። ሩቅ ነው፤ ሌሊት ሰው ቢሞት ማን ይደርሳል? ለሦስት ቀን ተቀማጭ ማን ይሄዳል? ታክሲው በአንድ ጉዞ ስንት ነው? ይህን ሁሉ አስበናል። ቀድሞ ጥሩንባ ነፊ በየበሩ ይዞር ነበር፤ ዛሬ ጥሩንባው ስልክ ስለሆነ መስማቱ ችግር አይደለም። ችግሩ መድረሱ ነው። ታዲያ ሁላችንም እንድረስ ለምን እንላለን? እዚያ ያሉት 23 አባወራዎች የመጀመሪያውን ሌሊት ይዩ፣ እኛ በማግሥቱ ለቀብር እንድረስ። ካሉን ሦስት ድንኳኖች ትንሹ፣ ከ40 ወንበርና ከሁለት ድስት ጋር፣ እዚያው ከአንዳቸው ዘንድ በፊርማ ይቀመጥ። ለዕድሩ በባንክ ያለው ገንዘብም ዝም ብሎ ከሚተኛ፣ ከፊሉ አሁኑኑ ሸራና ወንበር ይገዛበት። ሸራ ቢያረጅ እንኳ በላዩ ሰው ተጠልሎበት ነው።

ወርኃዊ መዋጮው ከ50 ብር ወደ 80 ብር ይደግ የሚለውን እንደግፋለን። ለጡረተኛ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ የምንከፍለው እኛም ነን። መክፈል ላቃታቸው እናቶች የዕቃ ጥበቃና የቡና ማፍላት አገልግሎታቸው እንደ መዋጮ እንዲቆጠር ኮሚቴው አንድ አንቀጽ ቢያስገባበት መልካም ነው። እትዬ ሲቸግራቸው እንደዚያ ነበር የሚደረገው፤ በደንብ አልተጻፈም እንጂ።

ድምፅ መስጫው ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከገላን ጉራ የመጣችሁ አባሎቻችን አስቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ አውቶብሱ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይጨናነቃል። እዚያ ዕቃ የሚያስቀምጥ ሰፋ ያለ ግቢ ወይም ምድር ቤት ያለው ሰው ካለ ስሙን ለጸሐፊው ይንገር። ድንኳኑን ለመጫን የእትዬ ልጅ እሑድ ጠዋት ነፃ ነው።