«እንመለስ» ማለትን እንማር

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር ዕድል ሲሰጠኝ ስለ አንድ ታላቅ የዓለም ጉዳይ እንድናገር የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። እኔ የመረጥሁት አርእስት ግን ቅርባችን ያለ ነው። ይኸውም በበዓልና በዕረፍት ቀን ተጠራርተን ከወልድያና ከመርሳ በስተ ምዕራብ ወዳሉት ተራሮች እየወጣን፣ በጠባብ የወንዝ ሰርጦች ውስጥ ስለምናደርገው ጉዞ ነው። ፈተናው እንዳለቀ ብዙዎቻችሁ ለመሄድ መዘጋጀታችሁን ስለ ሰማሁ ዝም ብል ኅሊናዬ ይወቅሰኛል።

አትሂዱ ለማለት እንዳልቆምሁ ግን አስቀድሞ ይታወቅልኝ። አገሩን በእግሩ መርገጥ ለተማሪ ትምህርት ነው። ደግሞም ሰርጡን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ መሄዱ አይቀርም። ውጭው በፀሐይ ሲነድ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ እጅ ቢዘረጉ ግራና ቀኙን ጥቁሩን ዓለት ይነካሉ፤ ቀና ሲሉ ሰማዩ እንደ መቀነት ቀጥኖ ይታያል።

ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ የበልጉ ዝናብ ሳያባራ፣ አምስት ሆነን በሀብሩ ከመርሳ በላይ ወደሚገኝ አንድ ሰርጥ ሄድን። በሰርጡ አፍ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘን። «ልጆቼ፣ ላይ ደጋው ደምኗል፤ ዛሬ ወንዙን አትመኑት» አሉን። እኛም «አባቴ፣ እዚህ እኮ ፀሐይ ነው» ብለን እጅ ነሥተን አለፍን።

ሩብ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን ከመካከላችን አንዱ ቆመና ወደ ላይ ተመለከተ። ከራሳችን በላይ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ ግንድ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ተሰንቅሯል። «ይህን ግንድ እዚያ ላይ ማን ሰቀለው?» ሲል ጠየቀ። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የመለሰ ግን የለም። ያን ጊዜ «እንመለስ» አለ። «እናትህ ናፈቀችህ እንዴ?» ብሎ ያሳቀበት ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ጥቂት አልፈን ወደ ላይ የሚያስወጣ ቀጥ ያለ ዓለት አጋጠመን። አራታችን በእርሱ ትከሻ ላይ እየቆምን ወጣን፤ እርሱ ከታች ቀረ። ብዙም ሳንቆይ በእግራችን ሥር ጠርታ ትወርድ የነበረችው ውኃ ደፈረሰች፤ ገለባና ቅጠል ይዛ መጣች። ቀጥሎም የሞተር ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ከላይ ተሰማ። ወደ ዓለቱ ስንሮጥ ያ ጓደኛችን እዚያው ቆሞ አገኘነው። ሮጦ መውጣት ይችል ነበር፤ ያለ እርሱ ትከሻ መውረድ እንደማንችል ስላወቀ ግን ጠበቀን። አንድ በአንድ አወረደን፤ የመጨረሻው እኔ ነበርሁ። አንድ ከፍ ያለ እርከን ላይ ስንንጠላጠል ውኃው ደረሰ፤ ከሁላችን ኋላ የነበረውን እርሱን ከዓለት ጋር አላተመው። ጎትተን አወጣነው፤ ቀኝ ክንዱ ግን ተሰብሮ ነበር። በዚያ መንፈቅ ፈተና ሳይቀመጥ ቀረ፤ ዛሬም ከእኛ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ነው። ይህን የምነግራችሁ በፈቃዱ ሲሆን፣ እርሱም ከመካከላችሁ ተቀምጦ ይሰማኛል።

እንግዲህ የሠራነው ስሕተት ሁለት ነው። አንደኛው የመሬታችንን ጠባይ መርሳት ነው። ዝናቡ የሚወርደው በደጋው ላይ ሲሆን ውኃው የሚሮጠው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በሚሞቁበት ስፍራ ጎርፍ ይደርሳል፤ «ደራሽ» መባሉም በከንቱ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ድሬዳዋን በሌሊት የመታትና ከ200 በላይ ሰዎች የፈጀው ጎርፍ የመጣው በሐረርጌ ደጋ ከዘነበው ዝናብ ነው። እንደዚሁም በአሜሪካ አገር፣ አሪዞና ውስጥ፣ አንቴሎፕ በሚባለው ሰርጥ በነሐሴ 6 ቀን 1989 ዓ.ም. 11 ጎብኚዎችን የገደለው ውኃ ርቆ ከዘነበ ዝናብ የመጣ ነበር።

ሒሳቡም ቀላል ነው። ወርዱ 20 ሜትር በሆነ ወንዝ ላይ ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ፣ ፍጥነቱ ሳይለወጥ ወርዱ 1 ሜትር ወደ ሆነ ሰርጥ ቢገባ 10 ሜትር ከፍ ይላል። ያን ግንድ የሰቀለው ይህ ሒሳብ ነው። 1 ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ኪሎ እንደሚመዝን ደግሞ ሁላችንም ተምረናል።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይብሳል፤ ዕውቀት ሳያንሰን ያደረግነው ነውና። ግንዱን አምስታችንም አይተናል። ብቻዬን ብሆን ኖሮ እመለስ ነበር፤ ከሌሎቹም እያንዳንዱ እንደዚያው ነግሮኛል። በኅብረት ስንሆን ግን እያንዳንዳችን የፈራነው ውኃውን ሳይሆን ፈሪ መባልን ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኛን ግን ከውኃው በፊት የገዛ ሣቃችን ወስዶን ነበር።

ብቻ መሄድም መፍትሔ አይደለም። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም. አሮን ራልስተን የተባለ አሜሪካዊ የት እንደሚሄድ ለማንም ሳይናገር ብቻውን ዩታ ውስጥ ወደሚገኝ ሰርጥ ገባ። የተንሸራተተ ቋጥኝ ቀኝ እጁን ያዘበት፤ ፈላጊ ሳያገኘው አምስት ቀን ከቆየ በኋላ የገዛ ክንዱን ቆርጦ ወጣ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አራት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ የሚሄድ ሁሉ ስሙን፣ የሚሄድበትን ቦታና የሚመለስበትን ሰዓት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በበልግና በክረምት ወደ ሰርጥ አይገባ፤ በበጋም ቢሆን የአካባቢው ሰው ይጠየቅ፤ «ደጋው ደምኗል» ካለ ነገሩ አለቀ። ሦስተኛ፣ ያለ ሰው ትከሻ መውረድ የማንችለውን ዓለት አንውጣ። አራተኛ፣ ከጓደኛሞች አንዱ «እንመለስ» ካለ፣ ያለ ክርክርና ያለ ሣቅ ሁሉም ይመለስ። ይህም ከመነሣታችን በፊት ቃል የምንገባበት ይሁን፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና።

በመጨረሻ፣ ለአንድ ሰው በሕዝብ ፊት የምከፍለው ዕዳ አለብኝ። ወንድሜ፣ በዚያ ቀን ፈሪ ያልሁህ እኔ ነኝ፤ ቆመህ የጠበቅኸኝ አንተ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ።