የደጋ አጋዘንና የመስክ ምልክቶቹ
(በመርሳ የቀረበ ንግግር)



በትርጉም መጻሕፍት የአውሮፓና የአሜሪካ ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ እንስሳ ሁሉ «አጋዘን» ይባላል፤ ስሙ ግን ያሳስታል። ያ ወገን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፤ የእኛው አጋዘን የተጠማዘዘ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል፤ ያውም ወንዱ ብቻ።

በመርሳ አካባቢ አጋዘን ቢወሳ የቆላው ነው። የደጋው ዘር፣ በ10 ሳንቲም ላይ የተቀረጸው፣ ከስምጥ ሸለቆ ደቡብ ምሥራቅ ከባሌ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ተራሮች በቀር በዓለም አይገኝም። የሳይንስ ስሙም የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው።

መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ እንስሳውን ላያየው ይችላል፤ ቀን ቀን ከኮሶና ከአስታ ጥሻ ውስጥ ያደፍጣልና። ስለዚህ መሬቱን ይመርምር። ኮቴው እንደ ከብት ለሁለት የተከፈለ ሆኖ ጠበብና ሾል ያለ ነው፤ ኩሱም እበት ሳይሆን እንደ ፍየል በጠጥ ፍሬ ፍሬ ነው። ወንዱ ቀንዱን የፈተገበት ዛፍ ልጡ ተልጦ ይታያል።

እነዚህ በተደጋገሙበት ስፍራ ቅየሳው ሊገታ ይገባል፤ ካስማ ከተተከለ በኋላ መስመር ማዞር በገንዘብም በጊዜም ይከብዳል። እርሻና ግጦሽ ወደ ተራራው ጫፍ የገፉት ይህ ዘር ዛሬ የቀረው በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ብቻ ነው።