ዘንዶውን እንፍቀድለት?

እሷ፦ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ጨዋታ መሪ ብትሆንና አንዱ «እኔ ዘንዶ ልሁን» ቢልህ ትፈቅዳለህ?

እሱ፦ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የመጀመሪያው መመሪያ እኮ ይፈቅዳል። ግን ደካማ ግልገል ሆነህ ከታች ጀምር ይላል።

እሷ፦ በ1979 ግን ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ፣ ጋሪ ጋይጋክስ ራሱ፣ ጭራቅ ሆኖ መጫወትን ተቃወመ።

እሱ፦ እውነቱን ነዋ! አራኮክራን ውሰጂ፣ ክንፍ ያለው የወፍ ሰው። መሪው ሳምንት ሙሉ ገደሉን ሲያሰናዳ ከርሞ፣ አራኮክራው ገና በአንደኛ ደረጃ ብርር ብሎ ይሻገራል። ሌሎቹ ገመድ ይፈታሉ።

እሷ፦ ታዲያ ገመዱን ይዞላቸው ይሻገራ! አብሮ መጫወት ይሄ አይደል?

እሱ፦ አንዴ ጥሩ ነው። በየገደሉ ከሆነስ?

እሷ፦ እንግዲያው መብረሩን ከልክል፣ መልኩን ተወው። ቀንድና ጭራ ያለው ቲፍሊንግ ማንን ይጎዳል?

እሱ፦ ማንንም። የ2014ቱ የጨዋታው መጽሐፍ ግን እሱም በየዓለሙ ላይገኝ ይችላል ይል ነበር።

እሷ፦ የ2024ቱ ደግሞ «ዘር» የሚለውን ቃል ራሱን ትቶ «ዝርያ» አለ። ደስ ብሎኛል።

እሱ፦ እኔንም። ብቻ ተጫዋቹ ዓለሙን ሥዬ ሳልጨርስ ይንገረኝ።

እሷ፦ ግልገሉ ዘንዶስ?

እሱ፦ ቀድሞ ከነገረኝ ይምጣ፣ ዋሻ አዘጋጅለታለሁ።