አባትየው ለማን ይናገር?
(በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ምሽት የተደረገ ንግግር)



ወሰን ተሻግሮ የሚመጣውን ሽብር አንድ መንግሥት በምን ዘዴ ይከላከለው ተብሎ ሲጠየቅ፥ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቶሎ የሚሮጠው ወደ ወታደሩ ነው። እኛም ይህን ንግግር ማዘጋጀት ስንጀምር ከዚያው ተነሥተን ነበር። የጎረቤታችን የኬንያ ነገር ግን ሐሳባችንን አስለወጠን።

መጋቢት 24 ቀን 2007 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል አራት የአል ሸባብ ታጣቂዎች ጋሪሳ ከሚገኘው ዩኒቨርስቲ ገብተው 148 ሰዎች ገደሉ። የሚበዙት እንደ እኛው ያሉ ተማሪዎች ነበሩ። ልዩው ጦር ከናይሮቢ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ሰዓት አለፈ፤ ቶሎ ቢደርስ ኖሮ ብዙ ነፍስ በተረፈ ነበር ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ ወታደር አያስፈልግም የምንል አንሆንም።

ነገር ግን ከገዳዮቹ አንዱ ባዕድ አልነበረም። በናይሮቢ ዩኒቨርስቲ ሕግ ተምሮ የተመረቀ የኬንያ ልጅ ነው። አባቱ በማንዴራ የመንግሥት ሹም ሲሆኑ፥ ልጃቸው መጥፋቱንና ወደ ሶማሊያ ሳይሄድ እንዳልቀረ አስቀድመው ለባለ ሥልጣኖች አመልክተው ነበር።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። አባት ስለ ገዛ ልጁ ከሚያመጣው ወሬ የሚበልጥ ምን ወሬ ይገኛል? እንዲህ ያለውን በገንዘብ መግዛት አይቻልም፤ ሰውየው መንግሥቱን ሲያምን ብቻ የሚሰጠው ነው። ታዲያ ከጋሪሳው እልቂት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ2006 ዓ.ም.፥ የኬንያ ፖሊስ በኢስሊ ሰፈር (የአገራችን ሰዎችም በብዛት የሚኖሩበት ነው) በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን፥ አብዛኞቹን ሶማሌዎች፥ አፍሶ ብዙዎቹን በካሳራኒ ስታዲየም አጉሮ ነበር። ከዚያ ታጉሮ የወጣ አባት በማግሥቱ ስለ ልጁ ለፖሊስ የሚናገር ይመስላችኋልን?

በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. በችኮላ የወጣውን የጸጥታ ሕግም፥ ከሁለት ወር በኋላ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ስምንት አንቀጾቹን ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማሙም ሲል ሻረበት። ይህን ድካም ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ከመከላከያው አንዱ ክፍል ነው እንላለን። በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ የወጣው የኬንያ ብሔራዊ ስልት መምህራንንና የሃይማኖት አባቶችን የሥራው ተካፋዮች አድርጓል። ወረቀቱ መልካም ነው፤ ካሳራኒን ያስረሳል ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው።

በአገራችንም ጋዜጠኞች የታሰሩበት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በአዋጅ ቁጥር 1176/2012 ተተክቷል። የአንቀጾቹን ልዩነት የሕግ ተማሪዎች ያስረዱን፤ እኛ የምንጠይቀው ቀለል ያለውን ነው። ከመኝታ ክፍላችን አንድ ጓደኛ ጠባዩ ተለውጦ አንድ ቀን ቢጠፋብን፥ ሄደን የምንነግረው ለማን ነው? የነገርነውስ ሰው ጓደኛችንን ይፈልግልናል ወይስ እኛኑ ያስረናል? በዚህ አዳራሽ መልሱን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ።