ስኳር በሽታና ዓይናችን
(ለእድራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



እድራችን ድንኳኑንና ወንበሩን ይዞ የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ጥሩ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ በሕይወት ያለ አባላችን ዓይኑ እየጠፋ ዝም ብለን ብናይ መረዳዳታችን ጎዶሎ ይሆናል። ስለዚህ ስኳር በሽታ ዓይንን እንዴት እንደሚጎዳ ባጭሩ እንነጋገር።

ከዓይናችን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፤ ሐኪሞች ሬቲና ይሉታል። ይህን ሽፋን የሚመግቡት የደም ሥሮች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ግድግዳቸው ይጎዳል፤ ፈሳሽና ደም ያንጠባጥባሉ፣ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ። ደም ያጣው ሬቲና አዳዲስ ሥሮች ያበቅላል፤ እነዚህ ግን ጥንካሬ ስለሌላቸው በቀላሉ ይደማሉ። ያን ጊዜ ሰውዬው የሸረሪት ድር የመሰለ ጥላ በፊቱ ሲንሳፈፍ ያያል፤ ወይም እይታው በድንገት ይጋረዳል። ይህ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፦ በሽታው ሲጀምር አያምም፣ ዓይንን አያቀላም፣ እይታንም አይቀንስም። «እኔ እኮ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ፣ ዓይኔ ምን ሆነና?» የሚል ሰው ሬቲናው ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በብዛት በጉልምስና የሚመጣው ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው፣ በሽታው እንደታወቀ ወዲያው ዓይኑን መታየት አለበት። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው አንደኛው ዓይነት ያለበት ደግሞ በ5 ዓመት ውስጥ ይጀምር። ከዚያ ወዲያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ወይም ሐኪሙ እንዳዘዘው ነው። ስኳር ያለባት እናት ስታረግዝ ሳትዘገይ ትታይ። መነጽር ቤት ፊደል ማንበብ ብቻውን አይበቃም፤ ውስጡ መታየት አለበት።

ጉዳቱ ከተገኘ የሌዘር ሕክምና፣ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌና ኦፕራሲዮን አሉ። እነዚህ በይበልጥ የሚጠቅሙት የቀረውን እይታ ለማዳን ነው፤ የጠፋውን ሙሉ በሙሉ መመለስ ያስቸግራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

ስኳርን መቆጣጠር እንደሚረዳም የተረጋገጠ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1993 ይፋ በሆነውና 1,441 የአንደኛው ዓይነት ሕሙማን በተካፈሉበት የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ዓይናቸው ገና ካልተነካው መካከል ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት የመጎዳት ዕድላቸው በ76 በመቶ ቀንሷል። ደም ግፊትንም መቆጣጠር፣ ሲጋራንም መተው ይገባል። ጠበል የምንጠመቅም መድኃኒታችንን አናቋርጥ፤ ስንጾምም ሐኪማችንን እናማክር።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስብ። ለምርመራው ብሌኑን ለመክፈት የሚደረገው ጠብታ ለጥቂት ሰዓታት እይታን ያደበዝዛል። መኪና መንዳት አይቻልም፤ አስፋልት መሻገርም ያስቸግራል። ጧሪ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ይዟቸው የሚሄድ ሰው በማጣት ብቻ ቀጠሮውን ሊተዉት ይችላሉ። ለቀብር ሥራችንን ጥለን የምንወጣ ሰዎች፣ ለጎረቤታችን ዓይን በዓመት ግማሽ ቀን አያቅተንም። እያንዳንዳችን በየመንደራችን ስኳር ያለበትን ሰው «መቼ ታየህ? መቼ ታየሽ?» ብለን እንጠይቅ፤ ቀኑ ሲደርስም እጁን ይዘን እንሂድ።