መምህራችን ከወረቀት ቁርጥራጭ የሠሩት ሥዕል
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተነገረ)



ዛሬ ስለ መዋጮ አንናገርም። የምንናገረው በዕቃ ቤታችን ከድንኳኑ በላይ ስለተሰቀለው ሥዕል ነው። ሳህንና ሰታቴ ልናወጣ ስንገባ ሁላችንም አይተን አልፈነዋል።

የሠሩት የሥዕል መምህር የነበሩት ሟች አባላችን ናቸው። ቀለም እምብዛም የለበትም። የድሮ የዕድር ደረሰኝ፥ ከአጋሮና ከሊሙ በመጣ የቡና ጆንያ ላይ የነበረ ወረቀት፥ የጋዜጣ ቅዳጅ፥ ይህን ሁሉ በዱቄት ሙጫ ለጣጥፈው ነው። ኮላጅ ይሉታል፤ ቃሉ የፈረንሳይ ሆኖ መለጠፍ ማለት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው። ጠጋ ሲሉ ግን በቀሚሳቸው ላይ የአባላት ስም ይነበባል። ደረሰኙን በጸሐፊነታችን ዘመን የቆረጥነው እኛ ስለሆንን የእጅ ጽሑፋችንን አወቅነው። ከነዚያ ስሞች ብዙዎቹን ቀብረናል።

«የልጅ ጨዋታ ነው» ያሉ አሉ። እኛም ብለን ነበር፥ አንዋሽም። ኋላ የመምህሩ ልጅ ስለ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን አጫወተን። አዲስ አበባ በፈረንጅ 1937 የተወለዱ ናቸው። በ1964 በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የሠሩትን «የጁጁ ሠርግ» የኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዝቶ አኑሮታል። እሳቸውም መምህር ነበሩ፤ ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ በኋላም ዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምረው በ2003 ዐረፉ። የተቀደደ ካርቶን እንዲህ ከተከበረ የኛ ደረሰኝ ምን አነሰው?

ችግሩ እርጥበቱ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ እንኳን ወረቀት ጫማም ይሻግታል። መዝገብ ቤት ያረጀን ሰዎች ስለሆንን ይህን እናውቃለን። የዱቄት ሙጫ ደግሞ በረሮና አይጥ ይጠራል። ባለፈው ክረምት የታችኛው ጥግ ተላጠና አንዷ ሴት እግሯን አጣች። ቁራጩን ከወለሉ አንሥተን ብናየው የመምህሩ የራሳቸው ደረሰኝ ነው። ራሳቸውን ከሁሉ በታች፥ ከለቃሚዋ እግር ሥር ለጥፈው ኖሯል። በፖስታ አሽገን ለሰብሳቢው በፊርማ አስረክበናል።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፤ አናጢም ከመካከላችን አለ። መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካ፥ ጀርባውም ከግድግዳው ፈቀቅ እንዲል አድርጎ ፍሬም ይሥራለት። እስከዚያው ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ይዛወር። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት ወንድማችን እዚሁ ተቀምጠዋል፤ ጉባኤው ከፈቀደ ከምሳ በፊት አብረን ሄደን እናወርደዋለን።