ግማሽ ድረስ ተጫኑት

(ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)

እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ፣ የምሠራው ማኅበራዊ ሥራ ነው፤ ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ስለ ካሜራ እንድነግራችሁ የተጋበዝኩት ከሁላችሁም በላይ ፎቶ ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል።

አንዱን ላጫውታችሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት አያትና የልጅ ልጃቸው ቤት እመላለስ ነበር። አብረው የተነሱት ፎቶ አልነበራቸውም። እማማ "እስቲ ከዚህ ልጅ ጋር አንሺኝ" አሉኝ። ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ ዙም አደረግሁ፤ ስክሪኑ ላይ ሁለቱም አምረዋል፤ ቀጭ! ፎቶ ቤት ወስጄ ሳሳጥበው ግን የሁለቱም ፊት ብዥ ብሏል። ጥርት ብሎ የወጣው በመካከላቸው፣ ከኋላ የሚታየው የቆርቆሮ አጥር ነበር፤ ምስማሩ ሳይቀር ይቆጠራል። እማማ ፎቶውን ራቅ ቀረብ እያደረጉ አዩትና "ልጄ፣ ዓይኔ ነው መሰለኝ" አሉ።

ዓይናቸው አልነበረም። ድጋሚ ሳላነሳቸውም አረፉ።

ስሕተቴ ምን ነበር? ካሜራው ፎከስ የሚያደርገው ስክሪኑ መሃል ላይ ባለው ነገር ነበር። መሃል ላይ ደግሞ ሰው የለም፤ ክፍተት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በመጀመሪያ የአንዱን ፊት መሃል ላይ አምጡ። የማንሻውን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ብቻ ተጫኑት። አብዛኛው ካሜራ አረንጓዴ ሳጥን ያሳያችኋል። ጣታችሁን ሳትለቁ ሁለቱም እንዲገቡ ካሜራውን መልሱ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ተጫኑ። በመካከሉ ወደፊትም ወደኋላም እንዳትራመዱ፤ ርቀቱ ከተለወጠ ፎከሱም ይበላሻል። በሞባይል ከሆነ ፊቱን በጣት መንካት ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ጣታችሁን ትንሽ ካቆያችሁት እዚያው ይቆልፍላችኋል።

አንዳንዴ ሌንሱ ወዲያ ወዲህ እያለ አልይዝ ይላል። ስክሪን ላይ እያየን ስናነሳ ብዙ ካሜራዎች የሚፈልጉት ብርሃንና ጥላ በጉልህ የሚለዩበትን ቦታ ነው። ነጭ ነጠላ መሃል ላይ ብታነጣጥሩ ምን ይዞ ይቆማል? ጥለቱ ላይ አድርጉት፤ ከፊታቸው ጋር እኩል ርቀት ላይ ከሆነ ይሠራል።

እሺ፣ ስክሪኑ ለምን ዋሸኝ? እስቲ እናስላው፤ ሒሳብ የምትጠሉ ታገሱኝ። 4000 በ3000 ነጥብ ያለው ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥብ ነው። 640 በ480 የሆነ ስክሪን ግን 307,200 ነጥብ ብቻ አለው። ከ39 ነጥብ አንዱን ያህል እያያችሁ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ ምስሉ ትንሽ ስለሆነ ብዥታው ይደበቃል። ስለዚህ ካነሳችሁ በኋላ አጉልታችሁ ዓይን ዓይኑን እዩ። ሰዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ታዲያ! እኔ ያየሁት ፎቶ ቤት ነው።

ፀሐይ ላይ ስክሪኑ አልታይ ካለ በእጃችሁ ወይም በኮፍያ ከልሉት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አትያዙ፤ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ደገፍ አድርጉት፤ የእጅ መንቀጥቀጥም ፎቶ ያደበዝዛልና።

በቃ፣ አሁን ካሜራው ይዙር። አንቺና ጓደኛሽ መስኮቱ ጋ ቁሙ፤ በመካከላችሁ ትንሽ ክፍተት ተዉ። አንተ ና አንሳቸው። አጉልተህ የሁለቱንም ዓይን ሳታሳየኝ ግን አትቀመጥም።